የኋላ እግር ክንድና ያልጠበቀ ዳዶ

የኋላ ጎማ በውስጥ በኩል ብቻ ተበልቶ ሲገኝ አብዛኛው ባለመኪና ጥፋቱን በጎማው ጥራት ወይም በመንገዱ ላይ ያሳብባል። ብዙ ጊዜ ግን መመርመር ያለባቸው ጎማውን አቅጣጫ አስይዘው የሚያቆሙት የብረት ክንዶች ናቸው። «ኮንትሮል አርም» የሚባሉት እነዚህ ክንዶች በአንድ ጫፋቸው ከመኪናው አካል፣ በሌላው ከጎማው ተሸካሚ ጋር በቡሎን ይታሰራሉ። በጫፋቸው ያለው ጎሚኒ ሲያረጅ ወይም ክንዱ ጉድጓድ መትቶ ሲጣመም ጎማው ከመስመሩ ይወጣል።

በአዲስ አበባ ጎዳናዎች በብዛት የምናየውን፣ እ.ኤ.አ. በ2005 ለገበያ የቀረበውን ሦስተኛ ትውልድ ቶዮታ ራቭ ፎር እንደ ምሳሌ እንውሰድ። ከኋላ ክንዶቹ አንዱ ርዝመቱ የሚስተካከል ባለጥርስ ዘንግ ነው። ሲረዝም ወይም ሲያጥር የጎማው ፊት ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ ይዞራል፤ ይህ «ቶ» ይባላል። የጎማው አናት ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ ማዘንበል ደግሞ «ካምበር» ነው። ሌሎች አምራቾች የሚሠሯቸው ተስተካካይ ክንዶች በተለይ ሞላው ተቀይሮ ከፍ ወይም ዝቅ ባለ መኪና ላይ ካምበሩን ወደ ልኩ ለመመለስ ያገለግላሉ።

አገጣጠሙ ቅደም ተከተል አለው። መኪናው በክሪክ ከተነሣ በኋላ በጠንካራ ማቆሚያ መደገፍ አለበት፤ በክሪክ ብቻ ተማምኖ ሥሩ መግባት ሕይወት ያስከፍላል። አሮጌው ክንድ ሲወጣ ከአንዱ የቡሎን ቀዳዳ መሐል እስከ ሌላው መሐል ያለው ርዝመት ይለካል፤ አዲሱም በዚያው ልክ ተስተካክሎ ይገባል። አሮጌው የተጣመመ ከሆነ ግን ልኩ የሚወሰደው ከደህናው ጎን ነው። ይህ የመጨረሻው ልክ ባይሆንም መኪናው እስከ አላይመንት ድረስ በደህና እንዲሄድ ያደርገዋል።

ጎሚኒ ያለበት ቡሎን ጎማው በአየር ላይ ተንጠልጥሎ እያለ ጨርሶ አይጠብቅም። ከጠበቀ መኪናው መሬት ሲወርድ ጎሚኒው ይጠማዘዝና ያለ ዕድሜው ይቀደዳል። ስለዚህ መጀመሪያ በልኩ ብቻ ይያዛል፤ መኪናው በራሱ ክብደት ከቆመ በኋላ ፋብሪካው ባዘዘው የጥብቀት ልክ ይታሰራል። ከዚያ በአላይመንት ማሽን ላይ ካምበር ይቀድማል፣ ቶ ይከተላል፤ ካምበር ሲነካ ቶም ስለሚለወጥ ነው። የግራና የቀኙ ቶ ካልተመጣጠነ መኪናው ቀጥ ብሎ እየሄደ መሪው ይዞራል።

ከሁሉ በላይ የማሳስበው ግን በባለጥርሱ ዘንግ ላይ ስላለው መቆለፊያ ዳዶ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 ቶዮታ በአሜሪካ ወደ 780 ሺህ የሚጠጉ ራቭ ፎርና ሌክሰስ ኤችኤስ 250 ኤች መኪኖችን ለምርመራ ጠርቶ ነበር። ምክንያቱ፣ ከአላይመንት በኋላ ዳዶው በሚገባ ካልጠበቀ ዘንጉ ይላላል፣ ጥርሱ ይዝጋል፣ ይበላል፤ በመጨረሻም ክንዱ ሊለያይ ይችላል የሚል ነበር። ጥገናው በአንዳንዶቹ ላይ በትክክል ባለመሠራቱ እ.ኤ.አ. በ2013 መኪኖቹ እንደገና ተጠርተዋል። የፋብሪካ ክንድ እንዲህ ከሆነ፣ ከሶማሌ ተራ የተገዛውም ከዚህ ሕግ አያመልጥም።

በእኛ አገር ክንዱን የሚገጥመው ጋራዥ አንድ፣ አላይመንት የሚሠራው ቤት ሌላ የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው። ዳዶውን መጨረሻ የሚነካው አላይመንት ሠሪው ቢሆንም፣ ማጥበቁ የማን ሥራ እንደሆነ ሳይነገር ይቀራል። እኔ መኪናዬን ከመረከቤ በፊት ሦስት ነገር እጠይቃለሁ፦ ዳዶዎቹ በሁለቱም ጎን ጠብቀዋል ወይ? የጎሚኒ ቡሎኖቹ መኪናው መሬት ላይ ቆሞ ታስረዋል ወይ? ከማሽኑ የወጣው ወረቀት የት አለ? ከዚያም በዳዶውና በዘንጉ ላይ የሚያልፍ የቀለም መስመር እንዲሰመርልኝ አደርጋለሁ። ከሳምንት በኋላ መስመሩ ተቆርጦ ከታየ ዳዶው ተንቀሳቅሷል ማለት ነው፤ መኪናው ሳይውል ሳያድር ወደ ጋራዥ መመለስ አለበት።