ሊንከሩ ያልደረሰው ትእዛዝ

ነቀምቴ ውስጥ፣ በከኒሳ ቀሴም ይሁን ሌላ ሰፈር፣ ሊኑክስ የተጫነበትን ኮምፒውተር ወደ አፋን ኦሮሞ አዙረው ቀኑን ቢጠይቁት ጃንዋሪን «አማጂ»፣ ፌብሩዋሪን «ጉራንዳላ» ብሎ ይጽፋል። የወራቱን ስም እያንዳንዱ ፕሮግራም ለየብቻው አልያዘም። ጂሊብሲ የተባለው የሲ ቋንቋ ላይብረሪ ከመረጃ ፋይል እያነበበ ለጠየቀው ሁሉ ያቀብላል። የአፋን ኦሮሞውን ፋይል፣ ከሲዳምኛውና ከወላይትኛው ጋር፣ እ.ኤ.አ. በ2003 ያበረከተው የግዕዝ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን ነው።

የጋራ ላይብረሪ ማለት ይህ ነው፤ አንድ ቅጂ ብዙ ፕሮግራም ያገለግላል። ጉድለት ሲገኝበት አንዱን ፋይል መተካት ይበቃል፤ ተበላሽቶ ከተላከ ደግሞ ሁሉንም ይዞ ይወድቃል። እ.ኤ.አ. በ2020 መጀመሪያ በወለጋ ዞኖች ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ እንደነበር የሚያስታውስ ሰው «ነገ የታረመውን አውርዱ» የሚለው መልስ የማይሠራበት ጊዜ እንዳለ ያውቃል። ስለዚህ ጉድለቱ መያዝ ያለበት ላይብረሪው የሚሠራጭበት ፓኬጅ ሳይወጣ ነው።

ኮምፓይለር የፕሮግራሙን ምንጭ ወደ ቁርጥራጭ የማሽን ኮድ ይለውጣል። ቁርጥራጮቹን ገጥሞ አንድ ላይብረሪ የሚያወጣው ሊንከር ነው፤ አገጣጠሙን የሚወስኑለት ትእዛዞች ፍላግ ይባላሉ። «ሪልሮ» የተባለው ፍላግ የላይብረሪው የአድራሻ ሰንጠረዦች ከተሞሉ በኋላ እንዳይነኩ ያስቆልፋል፤ ለሰርጎ ገብ በር ይጠባል። «አዝ ኒድድ» የማያስፈልግ ላይብረሪ በከንቱ እንዳይጠራ ያደርጋል። እንደ ዴቢያንና ጄንቱ ያሉ የሊኑክስ ስርጭቶች እንዲህ ያሉ ፍላጎችን ለሁሉም ፓኬጅ አንድ ላይ ይወስኑና ኤልዲፍላግስ በሚባል ተለዋዋጭ በኩል ያስተላልፋሉ።

ችግሩ መሃል ላይ ነው። ሜክ የተባለው የግንባታ መሣሪያ የሚመራበት ሜክፋይል፣ የደንበኛውን ልኬት ተቀብሎ በገዛ ልኩ እንደሚሰፋ ልብስ ሰፊ፣ የተላከለትን ፍላግ አንዳንዴ ሳይጠቀምበት ይቀራል። አንዳንዱ ደራሲ ላይብረሪው የሚገጠምበትን ሕግ በእጁ ሲጽፍ ተለዋዋጩን ጨርሶ አይጠራውም። ሌላው ኤልዲፍላግስን ራሱ በእኩል ምልክት ይሞላዋል፤ ያኔ ከውጭ አካባቢ የመጣው ዋጋ ይሻራል፣ የሜክ ደንብ የፋይሉን ቃል ያስቀድማልና። ግንባታው ግን ያለ አንዳች ቅሬታ ያልቃል። የሚያስቆጣውም ይኸው ዝምታው ነው፤ ስህተት ቢጮህ ኖሮ ገና ድሮ በታረመ።

ጄንቱ ይህን ዝምታ የሚሰብርበትን ዘዴ እወደዋለሁ። ለሙከራ ከተላኩት ፍላጎች መካከል አንድ የማይጎዳ ምልክት ይጨመራል፤ ላይብረሪው ተገጥሞ ሲያልቅ ምልክቱ ይፈለጋል። ከሌለ ፍላጎቹ ሊንከሩ ዘንድ አልደረሱም። በዴቢያን በኩል ብልህክ የሚባል መሣሪያ የግንባታውን መዝገብ ያነባል። መሣሪያ የሌለው ሰው ደግሞ በሪድኤልፍ ያለቀውን ፋይል ራሱን ይመርምር። ከመዝገቡ ይልቅ እኔ ፋይሉን አምናለሁ።

ማስተካከያው ብዙ ጊዜ ከአንድ መስመር አይበልጥም፤ ነቀምቴ፣ ጊምቢና ሻምቡ ካምፓስ ያለው የወለጋ ዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ ሲ ካወቀ በአሮጌ ላፕቶፕም ሊሠራው ይችላል። መጀመሪያ የሚመጣለት ሐሳብ ግን ወጥመድ ነው፦ ኤልዲፍላግስን በሜክ ትእዛዝ መስመር ላይ ጽፎ ማስገደድ። በትእዛዝ መስመር የተጻፈው ሜክፋይሉን ያሸንፋል፤ ደራሲው እዚያው ውስጥ «ሼርድ» የሚለውን ፍላግ አስቀምጦ ከሆነ እሱንም ጠርጎ ይጥለዋል። ያኔ ሊንከሩ ላይብረሪ እንዲሠራ መታዘዙን ስለማያውቅ ተራ ፕሮግራም ሊገጥም ይሞክርና «ሜይን የለም» ብሎ ይቆማል። ትክክለኛው መንገድ «ሼርድ»ን ራሱ ሕጉ ውስጥ ማስገባት፣ ኤልዲፍላግስን ለፓኬጁ አዘጋጅ ትቶ ሕጉ እንዲጠራው ማድረግ ነው።

ቅደም ተከተሉም ይቆጠራል። «አዝ ኒድድ» የሚሠራው ከእሱ በኋላ በተጻፉ ላይብረሪዎች ላይ ብቻ ነው። ፍላጎቹ ከፊት፣ ቁርጥራጮቹ መሃል፣ የሚጠሩት ላይብረሪዎች ደግሞ ኤልዲሊብስ በሚባለው ሌላ ተለዋዋጭ ውስጥ ሆነው መጨረሻ ላይ ይሰለፋሉ። ሊብቱል የሚባለው አጋዥ መሣሪያ ይህን ሰልፍ በራሱ ፈቃድ ሲያዛባ ኖሯል።

ፍላጉ በመጨረሻ ሲደርስ ሌላ ጉድ ሊገለጥ ይችላል። በተሳሳተ ሰልፍ የተጻፈ ላይብረሪ፣ ከቁርጥራጮቹ ቀድሞ ከተጠራ፣ «አዝ ኒድድ» እስኪሠራ ድረስ ያለ ችግር ይያያዝ ነበር። አሁን ሊንከሩ እዚያ ሲደርስ ገና የሚፈልገው ቁርጥራጭ ስላላገኘ አልፎት ይሄዳል፤ የጋራ ላይብረሪ ላይ ደግሞ ያልተገኘ ስም በተለመደው አሠራር ግንባታውን አያስቆምም፣ የሚታወቀው ላይብረሪው በኋላ ሥራ ላይ ሲውል ነው። አዘጋጁ «ኖ አንዲፋይንድ» የሚለውን ፍላግ ቢጨምር ስህተቱ በግንባታው ሰዓት ይወጣል፤ የጎደለውን ላይብረሪ ወደ ኤልዲሊብስ አዛውሮ ማረሚያውን ለደራሲው ይልካል።