«ኔትወርክ የለም» ከማለት በፊት

በዐፄ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት ስልክ ወደ አገራችን በገባ ጊዜ፣ ሰው ሳይታይ ድምፅ ብቻ ከሣጥን ሲወጣ የሰሙ አንዳንዶች ነገሩን የርኩስ መንፈስ ሥራ ነው ብለው እንደ ተቃወሙት ሲነገር እንሰማለን። ዛሬ በዚህ ታሪክ እንሥቃለን። ይሁን እንጂ እኛም ኢንተርኔቱ ከቤታችን በተቋረጠ ቍጥር «ኔትወርክ የለም» ብለን፣ ነገሩን እንደ ዝናብ መቅረት ቈጥረን፣ እጃችንን አጣጥፈን እንቀመጣለን። ይህ አነጋገር ግን ቢያንስ አራት የተለያዩ ጕድለቶችን በአንድ ስም ይጠራል፤ ከእነዚህም መካከል አብዛኞቹን የቤቱ ባለቤት ራሱ ለይቶ ሊያውቃቸው ይችላል። ይህን የተማርሁት ከመጽሐፍ አይደለም፤ ከገዛ ቤቴ ነው።

ቤታችን በአርባ ምንጭ ከተማ በሲቀላ ነው። እናቴ ከእኔ ጋር ይኖራሉ። በስዊድን አገር የምትኖረው እኅቴ በየእሑዱ ከቀትር በኋላ በቪዲዮ ታነጋግራቸዋለች፤ እርሳቸውም ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰው ነጠላቸውን ሳያወልቁ ያቺን ሰዓት ይጠብቃሉ። በሚያዝያ ወር 2016 ዓ.ም. ግን ሦስት እሑድ ተከታትሎ ነገሩ ተበላሸ። በመጀመሪያው እሑድ ምስሉ ቆሞ ቀረ፤ በሁለተኛው ፈጽሞ አልመጣም። በተንቀሳቃሽ ስልክ ድምፅዋን አሰማናቸው፤ በምንኖርበት ዝቅተኛ ስፍራ የስልኩ ዳታ ምስል ለመሸከም አይበቃም ነበርና። እርሳቸው ግን «ድምፅዋንስ ሰማሁ፤ ፊቷን የምትደብቁኝ ምን ሁና ነው?» አሉ።

በአገራችን ልማድ ክፉ ወሬ ለሚመለከተው ሰው ተደብቆ ቆይቶ በማለዳ እንደሚረዳ ማንም ያውቃል። እናቴም ይህን በዕድሜያቸው ብዙ ጊዜ አይተውታል። ስለዚህ ስለ ሽቦና ስለ ሞደም የምነግራቸው ሁሉ የማባበያ ቃል መሰላቸው። በሆሳዕና ዕለት ዘንባባቸውን በጣታቸው አስረው ሲመለሱ፣ ከበሩ ላይ ቆመው በግቢው ውስጥ ሰው ተሰብስቦ እንደ ሆነ በዐይናቸው ሲፈልጉ አየኋቸው።

እኔ አስቀድሜ ያደረግሁት ስንፍና ነበር። ሞደሙ አርጅቷል ብዬ ከደመወዜ ከፍዬ አዲስ ገዛሁ፤ ነገሩ አልተሻሻለም። ቀጥሎም የእኅቴ ባል ከስዊድን «ክቡን ኬብል ከጫፉ ላይ በደንብ አጥብቀው» ብሎ መከረኝ፤ እኔም ከጣራ ላይ ወጥቼ የዲሹን ኬብል ስፈታና ሳስር ዋልሁ። በአውሮፓና በአሜሪካ ባሉ ብዙ ከተሞች ኢንተርኔቱ ለቴሌቪዥን በተዘረጋው ወፍራም ክብ ኬብል ይገባል፤ መሣሪያውም የኬብል ሞደም ይባላል። በዚያ አገር የላላ ማሰሪያ የታወቀ ችግር ነው፤ ኬብሉን ለሁለት የሚከፍል ማከፋፈያም በገባ ቍጥር ኀይሉ በግማሽ ያህል ይቀንሳል። በእኛ ቤት ግን ክቡ ኬብል ከሳተላይት ዲሽ ወደ ቴሌቪዥን የሚወርድ ነውና ከኢንተርኔቱ ጋር ምንም ዝምድና የለውም። አማካሪዬ ቅን ሰው ነው፤ የመከረኝ ግን ስለ ሌላ ቤት ነበር።

እንግዲህ የእኛን ቤት መንገድ እንመልከት። በብዙ ቤቶች ኢንተርኔቱ የሚመጣው በቀድሞው የስልክ መስመር፣ በሁለት ቀጫጭን የመዳብ ሽቦዎች ነው። የሰው ድምፅ በእነዚህ ሽቦዎች ላይ እስከ 4 ኪሎኸርዝ ያለውን ዝቅተኛ ስፍራ ይይዛል፤ ኢንተርኔቱ ከዚያ በላይ እስከ 2.2 ሜጋኸርዝ ድረስ ይጓዛል። ሁለቱን የሚለያያቸው ስፕሊተር የምትባለው ትንሽ ሣጥን ናት። ከፍተኛው ሞገድ በመንገድ ይደክማል፤ ከስልክ ጣቢያው እስከ ቤቱ ያለው ሽቦ 5 ኪሎ ሜትር ያህል ከደረሰ የሚተርፈው ጥቂት ነው። ስለዚህ ሁለት ጎረቤታሞች አንድ ዓይነት ክፍያ ከፍለው አንድ ዓይነት ፍጥነት ላያገኙ ይችላሉ።

በሞደሙ ግንባር ላይ ያሉት መብራቶች ጕድለቱ ከየት እንደ ሆነ ይናገራሉ፤ እኛ ግን ለጌጥ የተሰኩ አድርገን እናያቸዋለን። ፓወር የተባለው ካልበራ ነገሩ የኤሌክትሪክ ነው። ዲኤስኤል የተባለው ሳያቋርጥ ቢበራ፣ ሞደሙ ከጣቢያው ጋር ተገናኝቷል ማለት ነው፤ ብልጭ ድርግም እያለ ቢቀር ግን ሽቦው ታሟል። ዲኤስኤል ጸንቶ በርቶ ኢንተርኔት የተባለው ቀይ ቢሆን ወይም ቢጠፋ፣ ሽቦውን መነካካት ከንቱ ድካም ነው፤ ይህ የሒሳብ አለመከፈል፣ የይለፍ ቃል መሳሳት ወይም የአገልግሎት ሰጪው ጕዳይ ነውና። ሁሉም በርተው ሳለ ከመኝታ ቤት ብቻ የማይሠራ ከሆነ ደግሞ ዋይፋዩ ነው።

በእኛ ቤት የሚያስቸግረው ዲኤስኤል ነበረ፤ ነገር ግን ሁልጊዜ አልነበረም፤ ያሳሳተኝም ይህ ነው። ጠዋት ደኅና ይሆንና ከቀትር በኋላ ይጠፋል። በሁለተኛው እሑድ ማታ አንድ ደብተር አወጣሁና መብራቱ የጠፋበትን ቀንና ሰዓት፣ በዚያን ሰዓት በቤትና በደጅ የነበረውን ሁሉ መጻፍ ጀመርሁ። ተማሪዎቼን በየዕለቱ የማዝዘውን ሥራ ለራሴ ማዘዝ ግን እስከዚያ አልታሰበኝም ነበር።

ደብተር መያዝ ምን ያህል እንደሚጠቅም በዌልስ አገር አበርሆሳን በተባለች መንደር የሆነው ያስረዳል። በዚያች መንደር አሥራ ስምንት ወር ሙሉ በየጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ የሁሉም ኢንተርኔት ይጠፋ ነበር። ባለሙያዎቹ ኬብል ሳይቀር ለወጡ፤ አልተሻለም። በመጨረሻ የሞገድ መለኪያ ይዘው በማለዳ መንደሩን ሲዞሩ፣ አንድ ሰው በዚያች ሰዓት የሚከፍቱት አሮጌ ቴሌቪዥን የሚረጨው የኤሌክትሪክ ሁካታ የመንደሩን መስመር ሲያውክ አገኙት። ይህ የተነገረው በ2013 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ነው። ሰዓቱ ባይታወቅ ኖሮ ምክንያቱም ባልተገኘ ነበር።

የእኔ ደብተር በአንድ ሳምንት ውስጥ ተናገረ፤ መብራቱ የሚጠፋው ከዝናብ በኋላ ነው። ሚያዝያ በአርባ ምንጭ ዝናብ የሚበዛበት ወራት ነው፤ ደመናው ከጨንቻ ተራሮች ላይ ወርዶ ብዙ ጊዜ ከቀትር በኋላ ያዘንባል። በኮምፒዩተር 192.168.1.1 ብዬ የሞደሙን ገጽ ከፍቼ ኤስኤንአር የተባለውን ቍጥር ተመለከትሁ፤ ይኸውም ምልክቱ ከሁካታው ምን ያህል እንደሚበልጥ የሚለካ ነው። ከ6 ዴሲቤል በታች ከሆነ መስመሩ በትንሽ ምክንያት ይበጠሳል፤ ከ10 በላይ ከሆነ ይጸናል። በደረቅ ሰዓት 14፣ ከዝናብ በኋላ 4 ሆኖ አገኘሁት።

ዋናው ፈተና ከዚህ ቀጥሎ ያለው ነው፤ አንባቢ ሌላውን ቢረሳ ይህን አይርሳ። ስፕሊተሩን፣ ተጨማሪውን የስልክ መቀበያና ረጅሙን ገመድ ሁሉ ነቅሎ፣ ሞደሙን መስመሩ ወደ ቤት ከሚገባበት ስፍራ ላይ በአጭር ገመድ ብቻ ማያያዝ ነው። በዚያ መብራቱ ከጸና ሕመሙ በቤት ውስጥ ነው፤ ካልጸና ከደጅ ነውና ለአገልግሎት ሰጪው ማመልከት ይገባል፤ ለኢትዮ ቴሌኮም ደንበኞች የስልክ ቍጥሩ 994 ነው። ሠራተኛውም «ተቋርጧል» ከሚለው ይልቅ «ከመግቢያው ላይ ብቻውን ሞክሬዋለሁ፤ ሲዘንብ ይጠፋል» ለሚለው ሰው የሚይዘው ነገር አለው። በምሰሶው ላይ ያለውን ሽቦ ግን ማንም በገዛ እጁ እንዳይነካ።

ማክሰኞ ሚያዝያ 22 ቀን፣ ዝናብ ካባራ በኋላ፣ ይህን ፈተና ከመግቢያው ላይ አደረግሁ፤ መብራቱ ጸና። ስለዚህ በደሉ ከመግቢያው ወዲህ ነበረ። ሽቦውን በእጄ እየተከተልሁ ከቆርቆሮው ክፈፍ ሥር ደረስሁ። ከሁለት ዓመት በፊት መስመሩን ወደ ሳሎን ስቀጥል እኔው በእጄ ጠምዝዤ በፕላስቲክ ያሰርሁት ቅጥያ በዚያ ተንጠልጥሎ ነበር። ፕላስቲኩ በሙቀቱ ለቅቆ፣ ከክፈፉ የሚወርደው ውሃ በቀጥታ ያርፍበታል፤ መዳቡም አረንጓዴ ዝገት አብቅሎ ነበር። ሲደርቅ ያስተላልፋል፣ ሲረጥብ ያፈስሳል። ቅጥያውን ቈርጬ ጣልሁና በአንድ ወጥ ሽቦ በቤት ውስጥ አሳለፍሁት። የሽቦው ዋጋ ከሞደሙ ጋር የሚወዳደር አልነበረም፤ የሞደሙን ዋጋ ግን ባለቤቴ እስከ ዛሬ ታስታውሰኛለች።

ባለቤቴን ካነሣሁ ዘንድ፣ እርስዋም ሞደሙ አቧራ እንዳይነካው ዳንቴል ታለብሰው ነበር። ብዙዎቹ ሞደሞች የታሰቡት እስከ 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለሚደርስ አየር ነው፤ በአርባ ምንጭ ቆላ፣ በቆርቆሮ ጣራ ሥር፣ በዳንቴል ተሸፍኖ ከዚያ ማለፉ አያስገርምም። ዳንቴሉን ወደ ቴሌቪዥኑ አዛወርነው። ከብረት ቁም ሣጥን ውስጥ ማስቀመጥም ሞገዱን ማሰር ነው። ዋይፋዩ 2.4 እና 5 ጊጋኸርዝ ያለው ከሆነ፣ 2.4 የተባለው ግድግዳን የተሻለ ያልፋል፤ 5 የተባለው ግን ለቅርብ ስፍራ ይፈጥናል።

መብረቅ በሚበዛበት ወራት፣ ነጎድጓድ ሲሰማ የኤሌክትሪኩንም የስልኩንም ገመድ መንቀል ይገባል፤ አንዱን ብቻ መንቀል ግን ጎርፍ ሲመጣ ከሁለት በር አንዱን ዘግቶ መተኛት ነው። ሞደሙን አጥፍቶ ማብራት ሲያስፈልግ ከሶኬቱ ነቅሎ አንድ ደቂቃ ያህል መቆየት ይበቃል። በጀርባው ባለችው ጠባብ ቀዳዳ መርፌ የሚከት ሰው ግን የተጠቃሚውን ስምና የይለፍ ቃሉን ይደመስሳል፤ እነዚህን በወረቀት ጽፎ ያላስቀመጠ ሰው ከዚያ በኋላ በገዛ ቤቱ ደጅ ጠኚ ይሆናል።

ፋይበር የገባላቸው ቤቶች ከመዳቡ ዝገት ተርፈዋል። በእነርሱ ዘንድ ኤልኦኤስ የተባለው መብራት ቀይ ከሆነ ብርሃኑ ከቤት አልደረሰም ማለት ነው፤ ገመዱ በሹል ታጥፎ ወይም በቡፌ ሥር ተጨፍልቆ እንደ ሆነ ማየት ይገባል። የተነቀለውን ጫፍ ግን በዐይን አቅንቶ መመልከት አይገባም፤ ብርሃኑ የማይታይ ሆኖ ዐይን ሊጎዳ ይችላልና።

የፋሲካ ዕለት ከቀትር በኋላ ደግሞ ዘነበ። እኔ ከሞደሙ አጠገብ ቆሜ መብራቱን እጠብቃለሁ፤ አልጠፋም። የእኅቴ ፊት ወጣ፤ ነጭ ለብሳ፣ ከበስተኋላዋ ልጆቿ ዳቦ ሲሻሙ ይታያል። እናቴ ስልኩን በሁለት እጃቸው ይዘው ብዙ ጊዜ ዝም ብለው ተመለከቷት። ከዚያም «ምነው ልጄ፣ ከሳሽ?» አሏት።