እንቁላሉን ማን ወሰደው? የጓሮ ዶሮ ጎጆ ሌቦችና መከላከያቸው

የጓሮ ዶሮ የሚያረባ ቤተሰብ ፈንግልን ይፈራል፤ ክትባት መጣ ሲባል ዶሮውን አቅፎ ይወጣል። ጭላት ጫጩት ሊነጥቅ ሲያንዣብብ ሰፈሩ ሁሉ ይጮኻል። እንቁላል ሲጎድል ግን የሚጮኽ የለም። አንድ ቀን ጎጆው ባዶ ሲገኝ «ዛሬ አልጣለችም» ተብሎ ይታለፋል። ሲደጋገም ጥርጣሬው በጎረቤት ልጅ ወይም በቤቱ ድመት ላይ ያርፋል፤ አለዚያም ዶሮዋ «መጣል አቁማለች» ተብላ ለበዓል ትታረዳለች። እውነተኛው ሌባ ግን በማግስቱ ተመልሶ ይመጣል።

ጉዳቱ ሲደመር ቀላል አይደለም። የሐበሻ ዶሮ በዓመት የምትጥለው ከ40 እስከ 60 እንቁላል ገደማ ነው። በሳምንት 2 እንቁላል ብቻ የሚወስድ ሌባ በዓመት ከ100 በላይ ይወስዳል፤ ይህም የሁለት ዶሮዎች የዓመት ድካም ነው። የተወሰደው እናት ዶሮ የታቀፈችው ከሆነ ኪሳራው ይብሳል። እንቁላል ቀስ በቀስ በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው፣ ያ እንቁላል በ21 ቀኑ ጫጩት፣ ከወራት በኋላ ደግሞ ቄብ ይሆን ነበር።

መፍትሔው ብዙ ወጪ አይጠይቅም። የሚጠይቀው ሌባውን ለይቶ ማወቅ ነው፤ ለቁራ የሚበጀው ለአይጥ አይበጅም፣ ለአይጥ የሚበጀው ደግሞ ራሷ እንቁላሏን ለምትበላ ዶሮ ምንም አይፈይድም።

በእርግጥ ተሰርቋል?

ከሁሉ በፊት ዶሮዋ በእርግጥ መጣሏን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ዶሮ ላባ ስትቀይር እንቁላል ታቆማለች፤ ለመታቀፍ ስትዘጋጅም እንዲሁ። ተለቃ የምትውል ዶሮ ደግሞ ጎጆዋ ካልተመቻት ቁጥቋጦ ስር፣ የማገዶ ክምር ጀርባ ወይም ጭድ ውስጥ ደብቃ ትጥላለች። ባለቤቶቿ ተሰረቅን ሲሉ እሷ ጫጩት ለመፈልፈል እያጠራቀመች ሊሆን ይችላል።

ይህን ለመለየት አንድ ቀላል መንገድ አለ። ዶሮዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚጥሉት ከእኩለ ቀን በፊት ስለሆነ፣ ለጥቂት ቀናት መኖና ውኃ አቅርቦላቸው እስከ 6 ሰዓት ድረስ ቤታቸው ውስጥ ማቆየት ነው። በእነዚህ ቀናት ጎጆው ውስጥ እንቁላል ከተገኘ፣ ወይ ውጭ ትደብቅ ነበር፣ ወይም ሌባው የሚመጣው ቤቱ ክፍት ሲሆን ነው። ቤቱ ተዘግቶም እንቁላል ካልተገኘ ወይ ዶሮዋ መጣል አቁማለች፣ ወይ ሌባው በቀዳዳ ይገባል፤ አለዚያም ውስጥ ነው ያለው።

ሸለምጥማጥና ፋሮ

በገጠርም በከተማ ዳርቻም ስሙ ቀድሞ የሚነሳው ሸለምጥማጥ ነው። ድመት የሚያህል፣ ነገር ግን ሰውነቱ ረዘም ቀጠን ያለ፣ ግራጫማ ጸጉሩ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ የተደረደረበት፣ ረጅም ጅራቱ ቀለበት ቀለበት የሆነ አውሬ ነው። ከሸለምጥማጥ ዘሮች አንዱ በሳይንሳዊ ስሙ የአገራችንን የቀድሞ መጠሪያ ይዞ «ጄኔታ አቢሲኒካ» ይባላል። ሸለምጥማጥ ቀን ተኝቶ ይውልና ሌሊት ይወጣል። ዛፍና ግድግዳ መውጣት አያቅተውም፤ ጭንቅላቱ ካለፈ ሌላው አካሉ ስለሚያልፍ በጣም ጠባብ በሆነ ቀዳዳ ይገባል። እንቁላል ብቻ በልቶ ላይመለስም ይችላል፤ ቆጥ ላይ ያገኛትን ዶሮ ይገድላል።

ፋሮ ግን በአብዛኛው የምድር አውሬ ነው፤ እግሩ አጭር፣ አፍንጫው ሹል፣ ጥፍሩ ለመቆፈር የተሠራ ነው። ዘሩ ብዙ ነው። ጅራቱ ነጭ የሆነው ትልቁ ፋሮ በሌሊት ሲንቀሳቀስ፣ ቀጭኑና ትንሹ በቀን ያድናል። ባለ ሸንተረሩ ፋሮ እንቁላል የሚሰብርበት ዘዴ የታወቀ ነው። ጀርባውን ለድንጋይ ሰጥቶ ይቆምና እንቁላሉን በፊት እግሮቹ ይዞ በኋላ እግሮቹ መካከል ወደ ኋላ ይወረውረዋል። ስለዚህ ከጎጆው ራቅ ብሎ፣ ድንጋይ ወይም የግንብ ስር አጠገብ የተከሰከሰ ቅርፊት ሲገኝ መጠርጠር ያለበት ፋሮ ነው።

አይጥ

አይጥ የሚመጣው መጀመሪያ ለመኖው ነው። መሬት ላይ የፈሰሰ በቆሎና ፉርሽካ ይጠራዋል፤ ከዚያ እንቁላሉን ያገኛል። ትልቅ አይጥ እንቁላልን በአፍንጫውና በፊት እግሮቹ እያንከባለለ እስከ ጉድጓዱ ድረስ መውሰድ ይችላል። ምልክቱ በጥርስ የተከረከመ የቅርፊት ጠርዝ፣ በግድግዳ ጥግ የተዝረከረከ ጥቁር ፍግና አዲስ የተቆፈረ ጉድጓድ ነው። አይጥ አንድ ብቻ ሆኖ አይቆይም፤ ምግብ ባለበት በፍጥነት ይራባል። ስለዚህ አይጥን የሚያሸንፈው መኖውን ማታ ማታ ማንሳትና ክዳኑ በሚገጥም የቆርቆሮ በርሜል ማስቀመጥ ነው። ይህ ሳይሆን ወጥመድ ብቻውን አያድንም።

ቁራ

ቁራ በጠራራ ፀሐይ የሚሰርቅ ሌባ ነው። በደጋው ያለው ትልቁ ቁራ፣ ምንቃሩ ወፍራምና ማጅራቱ ላይ ነጭ ምልክት ያለው፣ ከአፍሪካ ቀንድ ውጭ አይገኝም። ደረቱ ነጭ የሆነው ሌላው ቁራ ደግሞ በከተሞችና በቆሻሻ መጣያዎች አካባቢ የተለመደ ነው። ሁለቱም ብልህ ናቸው፤ ዶሮ ከጣለች በኋላ የምታሰማውን ጩኸት ሰምተው የሚመጡ ይመስላል እስኪባል ድረስ ሰዓቱን ይለምዳሉ። እንቁላሉን በምንቃራቸው ይበሱታል ወይም አንስተውት ይበራሉ። ጎኑ የተበሳ ቅርፊት በሜዳ ወይም በዛፍ ስር ሲገኝ ምልክቱ የቁራ ነው።

የቁራ መድኃኒት ጨለማ ነው። ጎጆው ከውጭ በማይታይበት ጥግ ከሆነና በመግቢያው ላይ የጆንያ መጋረጃ ከተንጠለጠለበት፣ ዶሮዋ ገፍታው ትገባለች፤ ቁራ ግን የማያየው ጨለማ ውስጥ መግባት አይወድም።

እባብ

እንቁላሉ ያለ ቅርፊት፣ ያለ እርጥበት፣ ያለ አንዳች ምልክት ከጠፋ እባብ ሊሆን ይችላል። በአፍሪካ እንቁላል ብቻ እየበላ የሚኖር እባብ አለ። መርዝ የለውም፤ ጥርሱም የለም ማለት ይቻላል። አፉን እጅግ አስፍቶ እንቁላሉን እንዳለ ይውጠዋል፤ ከዚያ ከአንገቱ አከርካሪ ወደ ውስጥ የወጡ አጥንቶች ቅርፊቱን ይሰብሩታል። ፈሳሹን ውጦ የተጨፈለቀውን ቅርፊት ይተፋዋል። ብዙውን ጊዜ የሚበላው የትናንሽ ወፎችን እንቁላል ነው። የዶሮ እንቁላል የሚወስዱ ሌሎች እባቦች ግን አሉ፤ ከእነሱም መካከል መርዛማው ኮብራ ይገኛል። ስለዚህ ጨለማ ጎጆ ውስጥ ሳያዩ እጅ ማስገባት አይገባም፤ በተለይ እንቁላል የመልቀም ሥራ የልጆች በሆነበት ቤት ይህ በጥብቅ ሊነገራቸው ይገባል። በዶሮ ቤቱ ዙሪያ ያለውን ረጅም ሣር ማጨድና የድንጋይ ክምሩን ማንሳት እባብንም እባቡ ተከትሎት የሚመጣውን አይጥም ያርቃል።

ዶሮዋ ራሷ

ጎጆው ረጥቦ፣ ጭዱ በአስኳል ተለጣጥፎ፣ የአንዲት ዶሮ ምንቃር ቢጫ ሆኖ ከተገኘ ሌባው ከውጭ አልመጣም። ነገሩ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው በአጋጣሚ ነው። ቅርፊቱ የሳሳ እንቁላል ይሰበራል፤ ዶሮዋ ትቀምሰዋለች፤ ከዚያ ትለምዳለች፤ ሌሎቹም አይተው ይከተሏታል። የቅርፊት መሳሳት ዋናው ምክንያት የካልሲየም እጥረት ነው። ቅርፊቱ ከመቶ 95 እጅ ያህሉ ካልሲየም ካርቦኔት ስለሆነ፣ በጥራጥሬ ብቻ የምትኖር ዶሮ በቂውን አታገኝም። የተፈጨ የኖራ ድንጋይ ወይም ታጥቦ፣ ደርቆና በደንብ ደቅቆ እንቁላል መምሰሉን ያቆመ ቅርፊት በተለየ ዕቃ ማቅረብ ይረዳል። ጎጆ ማብዛት፣ ጭዱን ማወፈርና ጎጆውን ማጨለምም ያስፈልጋል።

አንዳንድ ሰው ባዶ ቅርፊት ውስጥ በርበሬ ሞልቶ ያስቀምጣል። ይህ በዶሮም በቁራም ላይ አይሠራም፤ ወፎች የበርበሬ ማቃጠል አይሰማቸውም። ከእሱ ይልቅ ከእንጨት የተቀረጸ እንቁላል ጎጆው ውስጥ መተው ይሻላል። ዶሮዋ ደጋግማ ነቁራው ምንም ሳታገኝ ስትቀር ልማዱን ልትተው ትችላለች። ዶሮዋ ወደ ጎጆዋ እንድትመለስ በሚል አንድ እንቁላል የመተው ልማድ ባለበት ቤትም ይኸው የእንጨት እንቁላል እውነተኛውን ይተካል።

አመድ ይመሰክራል

ምልክቶቹ ካልተለዩ ምድጃው ውስጥ ያለው አመድ ይበቃል። ማታ በጎጆው ዙሪያና በበሩ ስር በስሱ ነፍቶ በማግስቱ ማየት ነው። አይጥ ጥቃቅን ዱካና የጅራት መስመር ይተዋል። የፋሮ ዱካ ፊት ለፊቱ የረጃጅም ጥፍር ምልክት አለው። የሸለምጥማጥ ዱካ የትንሽ ድመትን ይመስላል። እባብ የሚተወው ጥምዝምዝ መስመር ብቻ ነው። ቁራ ሦስት ጣት ወደ ፊት፣ አንድ ወደ ኋላ ያትማል። ዱካው የሰው ጫማ ከሆነም ያው ይታወቃል፤ ያለ ማስረጃ የጎረቤት ልጅን ከመክሰስ ግን ያድናል።

መርዝ አይሁን

የተናደደ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው መርዝ ነው። እንቁላል በስቶ መርዝ ጨምሮ ማስቀመጥ ግን እጅግ አደገኛ ነው። መርዝ ያለበት እንቁላል ከሌላው አይለይም፤ ልጅ ሊያገኘውና ሊቀቅለው ይችላል። ደም እንዳይረጋ የሚያደርገው የአይጥ መርዝ ደግሞ አይጡን ወዲያው አይገድልም። አይጡ ለቀናት እየደከመ ይዞራል፤ ያን ጊዜ ጉጉት ወይም ድመት ይበላዋል፤ መርዙም ወደ እነሱ ይተላለፋል። ጉጉት ሌሊቱን ሙሉ አይጥ የሚያድን ወዳጃችን ነው። ሸለምጥማጥም ቢሆን ዋና ምግቡ አይጥና መሰል ትናንሽ እንስሳት ናቸው። እነሱን የገደለ ሰው ከጥቂት ወራት በኋላ ግቢው በአይጥ ሊወረር ይችላል፤ እንቁላሉም መጥፋቱን አያቆምም።

ሌባ የማይገባበት ቤት

ሁሉንም ሌቦች በአንድነት የሚመክተው ቤቱ ነው። በተለመደው የዶሮ ሽቦ ቀዳዳ ትንሽ አይጥ ያልፋል፤ ቢያንስ እስከ አንድ ክንድ ቁመት ድረስ ቀዳዳው ከ1.3 ሴንቲ ሜትር የማይበልጥ ጠንካራ ወንፊት ሽቦ መደረብ ይገባዋል። የሽቦው ጠርዝ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል መሬት ውስጥ ከተቀበረ ቆፋሪው ፋሮ ይመለሳል። ቤቱ በምሰሶ ላይ ከፍ ብሎ ከተሠራ፣ በየምሰሶው ዙሪያ ለስላሳ ቆርቆሮ መጠቅለል የሚወጣውን አይጥ ያንሸራትተዋል። ጣሪያና ግድግዳ የሚገናኙበት ክፍተት ብዙ ጊዜ ይረሳል፤ ሸለምጥማጥ የሚገባው ግን በዚያ ነው። በሩ መወርወሪያ ይኑረው፤ ፀሐይ ሳትጠልቅም ይዘጋ።

ትንሽ እንጨት መቁረጥ የሚችል ሰው ደግሞ እንቁላሉ ራሱ የሚደበቅበትን ጎጆ መሥራት ይችላል። የጎጆው ወለል ወደ ኋላ በትንሹ እንዲያዘነብል ይደረግና ከኋላው ክዳን ያለው ሣጥን ይያያዛል። ዶሮዋ ጥላ ስትነሳ እንቁላሉ ቀስ ብሎ ተንከባሎ ሣጥኑ ውስጥ ይገባል። ራሷም አትደርስበትም፤ ቁራም አያየውም። ሣጥኑ ውስጥ ጭድ ከተነጠፈ አይሰበርም።

ከሁሉም የሚቀልለው ግን እንቁላሉን በቀን ሁለት ጊዜ፣ ረፋድ ላይና ከሰዓት በኋላ መልቀም ነው። በጎጆ ውስጥ የማያድር እንቁላል የሌሊት ሌባ አያገኘውም።

በብዙ የገጠር ቤት የእንቁላል ገንዘብ እናት ማንንም ሳታስፈቅድ የምታዝዘው ገንዘብ ነው፤ ጨውና ሳሙናው፣ ደብተርና እርሳሱ የሚገዛው ከእሱ ነው። ሳይሸጥ የቀረው ደግሞ ለሕፃን ልጅ የሚቀርብ ምርጥ ምግብ ነው። የ45 ቀን ጫጩት ለቤተሰብ የሚያከፋፍል ሁሉ ከክትባቱና ከመኖው ምክር ጋር ስለ ሽቦው፣ ስለ በሩና ስለ ጎጆው ማስተማር አለበት። ዶሮ ለመግዛት ያሰበ ቤተሰብም ከገንዘቡ ጥቂቱን አስቀድሞ ለቤቷ ያውል፤ አንድ ዶሮ ቀንሶ ጥሩ በር መሥራት ከሁለት ዶሮ በላይ ያተርፋል።