ተማሪዎች በኅብረት የሚሠሩት የስልክ ጨዋታ

ወላጆች ሆይ፥ ልጃችሁ ከባልንጀሮቹ ጋራ አምሽቶ «የስልክ ጨዋታ እየሠራን ነው» ቢላችሁ፥ ትምህርቱን ትቶ ጊዜውን በዋዛ ፈዛዛ የሚያሳልፍ ሊመስላችሁ ይችላል። ነገር ግን ጨዋታን መጫወት ሌላ፥ ጨዋታን መሥራት ሌላ ነው። የኮምፒዩተር መምህራን እንዲህ ያለውን ሥራ ለተማሪዎች ቡድን የሚሰጡት፥ እያንዳንዱ ለብቻው የተማረውን ከሌሎች ጋራ ወደ ፍጻሜ ማድረስን ይለምድ ዘንድ ነው።

የሥራው መጀመሪያ መጠንን ማወቅ ነው። ፊንላንዳዊው ታኔሊ አርማንቶ የሠራው የእባብ ጨዋታ፥ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1997 በኖኪያ 6110 ስልክ ሲወጣ፥ የስልኩ መስኮት በአግድም 84፥ በቁመት 48 ነጥቦች ብቻ ነበሩት። ሕጉም አጭር ነበር፤ እባቡ በበላ ቍጥር ይረዝማል፥ የገዛ አካሉን ከነካ ጨዋታው ያበቃል። ይህ ትንሽ ጨዋታ ግን በብዙ አገሮች ዘንድ ተወዷል።

ለአገራችን ተማሪዎች ገበጣ መልካም መነሻ ሊሆን ይችላል። ይሁን እንጂ የአጨዋወቱ ሕግ እንደየአካባቢው ስለሚለያይ፥ የቡድኑ አባላት አስቀድመው አንዱን መርጠው በጽሑፍ ማስፈር ይገባቸዋል። ለሰው «እንደ ተለመደው» ቢሉት ይገባዋል፤ ኮምፒዩተር ግን ያልተነገረውን አያውቅም። የመጨረሻው ጠጠር በባዶ ጕድጓድ ሲያርፍ ምን እንደሚሆን እንኳ ሊነገረው ያስፈልጋል። ስለዚህ አንድ መስመር ኮድ ከመጻፉ በፊት፥ ሕጉ በወረቀትና በጠጠር ይፈተን።

ከዚህ በኋላ ሥራው ይከፈላል። አንዱ የጨዋታውን ሕግ ኮድ ይጽፋል፤ ሁለተኛው ሥዕሉን ያዘጋጃል፤ ሦስተኛው የጣት ንክኪውንና ድምፁን ያስተካክላል፤ አራተኛው እየተጫወተ ጕድለቱን ይመዘግባል። የተከፈለውም በየሳምንቱ ይገጣጠም፤ በመጨረሻው ሌሊት የሚገጣጠም ሥራ አብዛኛውን ጊዜ አይስማማምና። ሊነስ ቶርቫልድስ በ2005 የጀመረው ጊት የተባለው መሣሪያ፥ ማን መቼ ምን እንደ ለወጠ ስለሚመዘግብ፥ ለዚህ እጅግ ይጠቅማል።

ከኮዱ ይልቅ የሚከብደው ግን አብሮ መሥራት ነው። በአራት ሰዎች ስም የቀረበው በአንዱ ድካም ብቻ የተሠራ ሲሆን፥ ሦስቱ ያልተማሩትን ማርክ ይቀበላሉ፤ አንዱም ባልንጀራን አለማመንን ይማራል። የቦዘነው በመጨረሻ መጥቶ ልርዳ ቢልም ጊዜው አልፏል። ፍሬድሪክ ብሩክስ በ1975 ባሳተመው መጽሐፍ እንዳስረዳው፥ በዘገየ የፕሮግራም ሥራ ላይ ሰው መጨመር ይበልጥ ያዘገየዋል፤ አዲሱን ማስተማር ራሱ ከሠራተኞቹ ጊዜ ይወስዳልና።

እንግዲህ ልጃችሁን «ይህን ጨዋታ መቼ ትተወዋለህ?» ከማለት ይልቅ፥ «ከዚህ ውስጥ የአንተ ድርሻ የትኛው ነው?» ብላችሁ ጠይቁት። ከዚያም ስልኩን አይታው ለማታውቅ ታናሽ እኅቱ ያለ ማብራሪያ ይስጣት። እርሷ ምን እንደምትነካ ግራ ከገባት፥ ቡድኑ ገና የሚያርመው ነገር አለው።