አባባ ተስፋዬ፦ ስማቸውን እንጂ ትወናቸውን ያላየናቸው ተዋናይ

በዚህ ጽሑፍ ስለ አንድ ተዋናይ ጥቂት ላወጋችሁ ነው። ስማቸውን የማያውቅ የለም። ተዋናይ መሆናቸውን ግን በእኔ ዕድሜ ያለን ተማሪዎች ብዙም አናውቅም። ሰውየው ተስፋዬ ሣህሉ፣ ማለትም አባባ ተስፋዬ ናቸው።

በእንግሊዝ ቴሌቪዥን መሪ ተዋናይ ሳይሆኑ ዕድሜያቸውን በሙሉ ዛሬ ዳኛ፣ ነገ ሌባ፣ ሌላ ቀን ነዝናዛ ጎረቤት እየሆኑ የሚሠሩ ባለሙያዎች አሉ። ተመልካቹ ፊታቸውን ሲያይ "እኚህን ሰውዬ የት ነበር የማውቃቸው?" ይላል፤ ስማቸውን ግን አይጠራም። እኛ ዘንድ የሆነው ሌላ ነው። አባባ ተስፋዬ የሠሩት አንድ ገጸ ባሕርይ፣ እኚያ ተረት ነጋሪ አዛውንት፣ ሌላውን ሥራቸውን ሁሉ ሸፈነው።

ተስፋዬ ሣህሉ በ1910ዎቹ በባሌ ተወለዱ። የጣሊያን ወረራ ሲመጣ ገና ልጅ ነበሩ። ከድል በኋላ አዲስ አበባ መጥተው በማዘጋጃ ቤቱ የትያትር ቡድን ውስጥ መተወን ጀመሩ። እኔን በጣም የገረመኝ የዚህ ዘመን ሥራቸው ነው፤ የሴት ገጸ ባሕርይ ይጫወቱ ነበር! ነገሩ ለቀልድ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በዚያን ጊዜ መድረክ ላይ የምትወጣ ሴት ማግኘት ጭንቅ ነበር። ኅብረተሰቡ ትወናን ከአዝማሪነት ጋር ደምሮ ስለሚንቅ ልጁን ለዚህ የሚፈቅድ ወላጅ ከየት ይምጣ? እነ አስናቀች ወርቁና ሰላማዊት ገብረ ሥላሴ መድረኩን እስኪደፍሩት ድረስ ቀሚሱን የሚለብሱት ወንዶች ነበሩ። እስኪ አስቡት፤ ጎልማሳ ሰው ሻሽ አስሮ፣ ነጠላ አጣፍቶ፣ ድምፁን አለሳልሶ ሲወጣ አዳራሹ ሳቀበት ማለት ድርሰቱ ሞተ ማለት ነው። ስለዚህ የሴት አረማመድ፣ አቀማመጥ፣ የዓይን አጣጣል ሳይቀር ማጥናት ነበረበት። በእኔ አስተያየት ከዚህ የከበደ የትወና ትምህርት ቤት የለም።

ኮሪያ ለዘመተው ለቃኘው ሻለቃ ጦር ትርኢት ለማሳየትም እስከዚያ ድረስ ተጉዘዋል። ምትሐት ማሳየትም አንዱ ሙያቸው ነበር። በ1948 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ትያትር፣ የዛሬው ብሔራዊ ትያትር፣ በመኰንን እንዳልካቸው "ዳዊትና ኦርዮን" ሲከፈት የአገራችን ትያትር ትልቅ ቤት አገኘ፤ እሳቸውም በዚያ መድረክ ለብዙ ዓመታት ሠርተዋል።

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራ የጀመረው ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም. ነው። አባባ ተስፋዬም ከዚያው ዘመን ጀምሮ እስከ 1998 ዓ.ም. ድረስ፣ ከ40 ዓመት በላይ፣ የልጆችን ፕሮግራም ይዘው ቆዩ። በሦስት መንግሥታት ዘመን ማለት ነው። ስንቱ አቅራቢ ተለዋወጠ፣ እሳቸው ግን "የዛሬ አበባዎች፣ የነገ ፍሬዎች" እያሉ ቀጠሉ።

ፕሮግራሙ ሲያበቃ እኔ ገና ሕፃን ስለነበርኩ የማወራው እናቴ ከነገረችኝና በኢንተርኔት ካየኋቸው ጥቂት ቅጂዎች ተነስቼ ነው። እናቴ ያደገችው እዚሁ ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ ነው። ቴሌቪዥን ያለው ጎረቤት ቤት ሄደው መሬት ላይ ተደርድረው ያዩ እንደነበር ትናገራለች። "ጤና ይስጥልኝ ልጆች" ሲሉ እነሱም ብድግ ብለው እጅ ይነሱ ነበር አሉ። ሰውየው ሳያዩዋቸው! እኛ በስቱዲዮ ልምምድ ካሜራ ሲበራብን የምንደርቀውን ሳስብ የዚህ ምስጢር ያስቀናኛል። ምስጢሩ ደግሞ ከመድረክ የመጣ ይመስለኛል። አባባ ተስፋዬ ከካሜራው ጀርባ ሰው እንዳለ አድርገው ይጠይቃሉ፣ መልሱን ይጠብቃሉ፣ ከዚያ ይቀጥላሉ። ይህ ደግሞ ንባብ ሳይሆን ትወና ነው።

በነገራችን ላይ፣ እንስሳትን አናግሮ ሰውን ማስተማር ለመድረካችን አዲስ አይደለም። የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ትያትር የሚባለው "ፋቡላ" ገጸ ባሕርያቱ አውሬዎች ናቸው። ደራሲው ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ደግሞ የኛው የሰሜን ሸዋ፣ የሰያደብር ተወላጅ ናቸው። ሥራው ሹማምንቱን ይነካል ተብሎ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ታግዷል። የአንኮበር ልጅ የሆነ የክፍል ጓደኛዬ ይህን ስነግረው "አያቴ እሳት ዳር የምትነግረን የጅብና የቀበሮ ተረትም'ኮ ሹማምንቱን ይነካል" ብሎ አሳቀኝ። እውነቱን ነው።

አባባ ተስፋዬ ሐምሌ 24 ቀን 2009 ዓ.ም. አርፈው በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀበሩ። ከ90 ዓመት በላይ ኖረዋል። የሚቆጨኝ ነገር ቢኖር በመድረክ ላይ ሴት ሆነው ሲጫወቱ የሚያሳይ ፊልም አይቼ አለማወቄ ነው። በዚያ ዘመን ትያትር በካሜራ አይቀረጽም፤ መጋረጃው ሲዘጋ አብሮ ያልቃል። ያንን መድረክ በዓይናቸው ያዩ ሰዎች ዛሬ ሰማንያና ዘጠና ዓመት አልፏቸዋል። ደብረ ብርሃንም ሆነ አንኮበር፣ ለሥራም ይሁን ለትምህርት አዲስ አበባ ኖረው የተመለሱ እንዲህ ያሉ አዛውንት አይጠፉም። የሚቀጥለው ሴሚስተር የቃለ መጠይቅ መልመጃ ሲሰጠን እኔ መቅረጸ ድምፅ ይዤ እነሱ ዘንድ ልሄድ አስቤያለሁ፤ አብሮኝ የሚሄድ ካለ ክፍል ውስጥ ያናግረኝ።