ቦታ መጠበቅ፦ የጦር አውሮፕላን ትርኢት ቡድኖች እንዴት ይወዳደራሉ?

በሸዋው ንጉሥ በሣህለ ሥላሴ ዘመን፣ መስቀል በደረሰ ቁጥር የጦሩ ዓመታዊ ሰልፍ በደብረ ብርሃን ሜዳ ይታይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1841 ከቦምቤይ ተነሥቶ በታጁራ በኩል አንኮበር የገባው የእንግሊዝ መልእክተኛ ሻምበል ዊልያም ኮርንዋሊስ ሃሪስ ሰልፉን ተመልክቶ፣ በ1844 ለንደን ላይ ባሳተመው ባለ ሦስት ቅጽ መጽሐፉ ጽፎታል። የየአገሩ ገዥ በየተራው ፈረሰኛውን አስከትሎ፣ ጦርና ጋሻ እንደያዘ በንጉሡ ፊት ጋልቦ ያልፋል። በዚያ ሜዳ ላይ ማንም ማንንም አይወጋም። ንጉሡ የሚያየው ሌላ ነገር ነው፦ የማን ፈረስ ተቀልቧል፣ የማን ጭፍራ መሪውን ይከተላል፣ የማንስ በግልቢያ መካከል ተበትኗል።

ዛሬ ይህንን ሥራ በሰማይ ላይ የሚሠሩት የአየር ኃይሎች የትርኢት ቡድኖች ናቸው። ስማቸው ሲነሣ አብዛኛው ሰው የሚጠይቀው «የትኛው አገር አውሮፕላን ይበልጣል?» ብሎ ነው። እኔ ግን ጥያቄው ከመነሻው የተሳሳተ ይመስለኛል። ቡድንን ከቡድን የሚለየው ጉልበት ሳይሆን ቦታ መጠበቅ ነው፤ በደብረ ብርሃን ሜዳ ቆሞ ፈረሰኛ የሚመዝን ሰውም ይህን አይስተውም ነበር።

ኢትዮጵያ የመጀመሪያውን አውሮፕላን ያየችው ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ነው፤ ፖቴዝ 25 የተባለው የፈረንሳይ ሥሪት አዲስ አበባ ያረፈው ያን ዕለት ነበር። ትርኢትም ብዙ አልዘገየም። ትሪኒዳድ ተወልዶ ኒውዮርክ ይኖር የነበረው ሁበርት ጁሊያን በ1922 ዓ.ም. መጥቶ በፓራሹት እየዘለለ ሕዝቡንም ቤተ መንግሥቱንም አስደነቀ፣ የኮሎኔልነት ማዕረግም ተሰጠው። በ1923 ዓ.ም. ጥቅምት፣ የዘውድ በዓሉ ሊከበር ጥቂት ሲቀረው፣ የንጉሠ ነገሥቱን ጂፕሲ ሞዝ አውሮፕላን አስነሥቶ ባሕር ዛፍ ላይ ከሰከሳት፤ ከአገርም እንዲወጣ ተደረገ። ጁሊያን ድፍረት አላነሰውም። ከአጠገቡ የሚያርመው ሌላ አብራሪ ግን አልነበረም፤ ቡድን የሚባለው ተቋም የተፈጠረው ደግሞ ለዚህ ነው።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የታወቁት ቡድኖች ተራ በተራ ተመሠረቱ። የአሜሪካ ባሕር ኃይል ብሉ ኤንጅልስ በ1946፣ የአሜሪካ አየር ኃይል ተንደርበርድስና የፈረንሳዩ ፓትሩይ ደ ፍራንስ በ1953፣ የጣሊያኑ ፍሬቼ ትሪኮሎሪ በ1961 ናቸው፤ የእንግሊዙ ሬድ አሮውስ በ1965 የመጀመሪያ የትርኢት ዓመቱን አሳለፈ፣ የሩሲያው ፈረሰኞች ቡድን በ1991 ተከተለ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን ናቸው)። በሦስት ወገን ቢከፈሉ ለማየት ይቀላል።

የመጀመሪያው ወገን በእውነተኛ ተዋጊ ጄት የሚበረው ነው። ብሉ ኤንጅልስ ከ2021 ጀምሮ ባዶውን ከ14 ቶን በላይ የሚመዝነውን ሱፐር ሆርኔት ያበርራሉ። ሩሲያውያኑ ከዚያም የሚከብደውን ሱኮይ ይዘዋል። እንዲህ ያለ አውሮፕላን ሲያልፍ ድምፁ በደረት ይሰማል፤ አፍንጫውን ቀጥ አድርጎ ወደ ላይ ሲወጣም ዓይን ተከትሎ አይደርስበትም። ሆኖም ሲዞር ሰፊ ሰማይ ይፈጃል፤ ተመልካቹ ሄዶ እስኪመለስ መጠበቅ አለበት። ብሉ ኤንጅልስና ተንደርበርድስ ክፍተቱን የሚሞሉት በብልሃት ነው፦ አራቱ በአልማዝ ቅርጽ ተጠጋግተው ሲሄዱ፣ ሁለቱ ብቸኞች ከግራና ከቀኝ መጥተው በተመልካቹ ፊት ይተላለፋሉ። አራቱ ሲርቁ ሁለቱ ይመጣሉ፣ ሁለቱ ሲርቁ አራቱ ይደርሳሉ፤ ሰማዩ ባዶ አይሆንም።

ሁለተኛው ወገን በማሠልጠኛ ጄት የሚበረው ነው። ሬድ አሮውስ ዘጠኝ ሆክ፣ ፓትሩይ ደ ፍራንስ ስምንት አልፋ ጄት፣ ፍሬቼ ትሪኮሎሪ ዐሥር ኤምቢ 339 ይዘው ይነሣሉ። የሳዑዲ ቡድን ሆክ ያበርራል፤ የኤምሬቶቹ አል ፉርሳንም ለዓመታት ኤምቢ 339 ያበርር ነበር። ሆክ ባዶውን አራት ቶን አይሞላም፤ ስለዚህ በጠባብ ቦታ ይዞራል፣ ከዓይንም ሳይርቅ ይመለሳል። ጉልበቱ ስለሚያንስ ግን አብራሪው በዙር ውስጥ ያባከነውን ፍጥነት በቀላሉ መልሶ አያገኝም፤ ተዋጊ ጄት ስሕተቱን በሞተር ይሸፍናል፣ ማሠልጠኛ ጄት ግን ያጋልጠዋል። በእኔ ግምት የጥበቡ ጫፍ ያለው እዚህ ነው። ዘጠኝ አውሮፕላን ያለ ትርፍ ጉልበት አንድ ቅርጽ ይዞ ሙሉ ክብ ሲዞርና ቅርጹ ሳይዛነፍ ሲወጣ ማየት ከየትኛውም ጩኸት ይበልጥብኛል።

ሦስተኛው ወገን የፕሮፔለር ነው፤ አፍሪካም በዚህ ረገድ የራሷ ስም አላት። የሞሮኮው ማርሽ ቬርት ለአክሮባት ተብለው በተሠሩ ትንንሽ አውሮፕላኖች ይታወቃል፣ ዮርዳኖስም በዚሁ መንገድ ትሄዳለች። የደቡብ አፍሪካው ሲልቨር ፋልከንስ ደግሞ ፒሲ 7 በተባለው ማሠልጠኛ የሚበር ሲሆን፣ አብራሪዎቹ በላንጌባንቬግ የበረራ ትምህርት ቤት መምህራን ናቸው። ትርኢቱን የሚለማመዱት ከማስተማር ሥራቸው ጋር ነው።

ቦታ የሚጠበቀው እንዴት ነው? ተከታዩ አብራሪ አድማስም፣ መሬትም፣ መሣሪያም አያይም፤ ዓይኑ መሪው ላይ ነው። በመሪው አውሮፕላን ላይ ሁለት ምልክቶችን፣ ለምሳሌ የክንፉን ጫፍና በአካሉ ላይ ያለ አንድ ነጥብ፣ ይመርጥና እነሱን ሳያዛንፍ ያስተካክላል። ምልክቶቹ ከተዛነፉ ቦታውን ለቋል ማለት ነው። መሪው የሚናገረው በተመጠነ ዜማ ነው፤ ትእዛዙ ሲያልቅ ሁሉም እጅ እኩል ይንቀሳቀሳል። ብሉ ኤንጅልስ በአንዳንድ ቅርጾች እርስ በርስ እስከ 45 ሳንቲ ሜትር ድረስ እንደሚጠጉ ይናገራሉ። እጃቸው እንዳይንቀጠቀጥ የአውሮፕላኑን መንጃ ዘንግ በ18 ኪሎ ገደማ ኃይል ወደፊት የሚጎትት ሞላ (ስፕሪንግ) ተገጥሞለት፣ አብራሪው ክንዱን ጭኑ ላይ አስደግፎ ሳያቋርጥ ይስበዋል። በዚሁ ምክንያት ሌሎች ተዋጊ አብራሪዎች የሚለብሱትን፣ እየተነፋ እግርን የሚጨምቀውን ልብስ አይለብሱም፤ ልብሱ ሲነፋ ጭኑን ስለሚያነሣው ክንዱም አብሮ ይነሣል።

ሬድ አሮውስ ተጠባባቂ አብራሪ የላቸውም። እያንዳንዱ በዓመቱ ውስጥ አንድ ቦታ ብቻ ይበራል፤ ታመመ ቢባል ቦታው ክፍት ሆኖ በስምንት ይነሣሉ፣ መሪው ከታመመ ደግሞ ትርኢቱ ይቀራል። አንድ አብራሪ በቡድኑ የሚቆየው በተለምዶ ሦስት ዓመት ነው፤ በየዓመቱ ጥቂት ነባሮች ይወጣሉ፣ ጥቂት አዲሶች ይገባሉ፣ ዕውቀቱ ሳይቋረጥ ከሰው ወደ ሰው ይተላለፋል።

መሪን እንዲህ መከተል ዋጋም አለው። እ.ኤ.አ. በጥር 1982 በኔቫዳ በረሃ አራት የተንደርበርድስ አውሮፕላኖች ለልምምድ ክብ ሠርተው ሲወርዱ የመሪው አውሮፕላን በጊዜ ሳይቃና ቀረ፤ ሦስቱ ዓይናቸው እሱ ላይ ስለነበር አራቱም አብረው መሬት መቱ። በነሐሴ 1988 በጀርመን ራምሽታይን ሦስት የፍሬቼ ትሪኮሎሪ አውሮፕላኖች በአየር ላይ ተጋጭተው አንዱ ተመልካቹ ላይ ወደቀ፤ ሦስቱን አብራሪዎች ጨምሮ 70 ሰው ሞተ። ከዚያ ወዲህ በብዙ አገር አውሮፕላን አፍንጫውን ወደ ሕዝቡ አዙሮ እንዳይመጣ የሚከለክሉ ጥብቅ ደንቦች ወጡ። ቡድኖችን ስናወዳድር ይህንም መመዘን አለብን፤ ለሕዝቡ የሚተውት ርቀት የጥበባቸው አካል ነው።

እስቲ እነዚህን ቡድኖች ወደ ሰሜን ሸዋ እናምጣቸው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,840 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻው ሩብ ያህል ይሳሳል። ክንፉ ያንኑ ሸክም ለማንሣት 15 በመቶ ያህል መፍጠን አለበት፤ ፍጥነቱ ሲጨምር ደግሞ መዞሪያው ይሰፋል። ስሌቱ ቀላል ነው፦ በባሕር ዳርቻ አንድ ሺህ ሜትር ስፋት ያለው ክብ እዚህ 1,300 ሜትር ገደማ ይሆናል። ሞተሩም በሳሳ አየር ይደክማል። ማሠልጠኛ ጄቱ ዋናው ብልጫው የሆነውን ጠባብ ዙር በከፊል ያጣል፣ ተዋጊው ደግሞ በትርፍ ጉልበቱ ይጠቀማል። እንግዲህ በለንደን ዳርቻ በሚደረግ ትርኢት ለቡድኖቹ የሚሰጠው ደረጃ በደብረ ብርሃን ላይ እንዳለ አይሠራም።

ይህ የወረቀት ስሌት ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2003 በአይዳሆ፣ በማውንቴን ሆም የጦር ሰፈር፣ አንድ የተንደርበርድስ አብራሪ ወደ ላይ ወጥቶ ተገለበጠና በግማሽ ክብ ወደ ታች ወረደ። ከመውረዱ በፊት ሊደርስበት የሚገባውን ከፍታ ያሰላው ግን በሚለማመድበት በኔሊስ ሜዳ ልክ ነበር፤ ማውንቴን ሆም ደግሞ ከኔሊስ 300 ሜትር ገደማ ይበልጣል። ከመሬት 760 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ መጀመር ሲገባው በ510 ሜትር ገደማ ጀመረ። አውሮፕላኑ መሬት ሊነካ ከአንድ ሰከንድ ያነሰ ሲቀረው በወንበሩ ተወርውሮ ወጣና ተረፈ፤ ሌላ የተጎዳ ሰውም አልነበረም። ሦስት መቶ ሜትር እንዲህ ካደረገ፣ ወደ ሦስት ሺህ ሜትር በሚጠጋ ሜዳ ላይ የእያንዳንዱ ዙር መጀመሪያ ከፍታ ከሥሩ እንደገና መሰላት እንዳለበት ግልጽ ነው።

አንኮበር ደግሞ ሌላ ጣጣ አላት። ደጋው ተቆርጦ ወደ አፋር ቆላ በሚወርድበት አፋፍ ላይ ጉሙ ሳይታሰብ ይነሣል፣ ከቆላ የሚወጣው ነፋስም ገደሉን ተከትሎ ወደ ላይ ይገፋል። ተራራና ደመና ሲገናኙ ለቡድን ምን እንደሚያመጡ ሩሲያውያኑ በመራራ ልምድ ያውቁታል፤ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1995 ከማሌዥያ ትርኢት ሲመለሱ፣ በቬትናም ካም ራን ለማረፍ በደመና ውስጥ ሲወርዱ ሦስት ሱኮይ 27 ከተራራ ጋር ተላትመው አራት አብራሪዎች ሞቱ። መሪያቸውን እየተከተሉ ነበር።

የእኛ አየር ኃይል ማዕከል ቢሾፍቱ ነው። በጥር 2017 ዓ.ም. በዚያ በተካሄደው ጥቁር አንበሳ የአቪዬሽን ኤክስፖ ላይ ተዋጊ ጄቶች ሲታዩ የብዙው ሰው ዓይን በሱኮዮቹ ላይ ነበር። እኔ ግን ኢትዮጵያ ቋሚ የትርኢት ቡድን ታቋቁም ቢባል የደቡብ አፍሪካን መንገድ እመርጣለሁ። አየር ኃይሉ ለሥልጠና የገዛቸው ግሮብ 120 ባለ ፕሮፔለር አውሮፕላኖች አሉት። ሰዓታቸው ከተዋጊ ጄት ሰዓት ብዙ ይረክሳል፣ በየዕለቱ መለማመድም ይቻላል፤ ቦታ መጠበቅን የሚያስተምረው ደግሞ ልምምድ ብቻ ነው። ሁለተኛው ምክንያቴ ድምፁ ነው። የጦርነትን ድምፅ በቅርቡ የሰማ፣ ከቀዬው ተፈናቅሎ በደብረ ብርሃን መጠለያ የከረመ ሕዝብ፣ የተዋጊ ጄት ጩኸት ሲሰማ እጁን ለጭብጨባ ያነሣል ብሎ ማሰብ ጭካኔ ነው። ልጆቹን ይዞ ሳይደነግጥ ቀና ብሎ የሚያየው ትርኢት ይገባዋል፤ አራት ትንንሽ አውሮፕላኖችና ለዓመታት ከቦታቸው የማይነሡ አራት መምህራን ለመጀመሪያው ይበቃሉ።