ቮልሷ ቦሎ ልታድስ ነው

ሳንሱሲ፣ በአስኮ አልፎ ወደ ቡራዩ ከሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ፣ አንዲት ሰማያዊ ቮልስ በሮቿ ተከፍተው ቆማለች። የኋላ ወንበሯ ወጥቶ ሣር ላይ ተቀምጧል። የቮልስ ባትሪ ያለው ወንበሩ ሥር ነው። ወጣቱ መካኒክ ተንበርክኮ ከባትሪው ግርጌ ያለውን ወለል በካቻቢቴ ጫፍ ይኮረኩራል።

«ጋሼ፣ እዚህ ጋ ላሜራው ሳስቷል።»

«እሱ ይቆይ። መጀመሪያ ፍሬኗን እይልኝ፤ መርማሪዎቹ የሚለኩት ፍሬን ነው።»

ሁለቱም ልክ ናቸው። «ሳንሱሲ» በፈረንሳይኛ «ያለ ጭንቀት» ማለት ነው ይላሉ፤ ነገ ቦሎ ሊያድስ ለሚሄድ የቮልስ ባለቤት ግን ስሙ ብዙም አይሠራም።

ቦሎ ራሱ ከጣሊያን የወረስነው ቃል ነው። ለእነሱ ማኅተም፣ ቴምብር ማለት ሲሆን ዓመታዊውን የመኪና ግብርም እስከ ዛሬ በዚሁ ስም ይጠሩታል። ለእኛ በፊት መስታወት ላይ የምትለጠፈው ወረቀትም፣ ወረቀቷን ለማግኘት የሚደረገው ምርመራም ቦሎ ነው። ጉዳዩ የሚመራው በተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 ነው።

ቮልስን ማስተዋወቅ ለአዲስ አበባ ሰው ትርፍ ይመስላል። ቢሆንም የሚፈትናት ነገር የሚገባን አሠራሯን ስናውቅ ነው። ሞተሯ ከኋላ ነው፤ አራቱ ፒስተኖቿ ሁለት ሁለት ሆነው ግራና ቀኝ ተጋድመዋል፤ ራዲያተር የላትም፣ የሚያቀዘቅዛት ነፋስ ነው። ነፋሱን የሚሰጠውን ማራገቢያና ዲናሞውን የሚያዞረው አንድ ቺንጋ ስለሆነ፣ የባትሪ ቀይ መብራት ድንገት ቦግ ካለ ቺንጋው ተበጥሶ ሊሆን ይችላልና ወዲያው መቆም ነው። እንዲህ ያለችው መኪና እ.ኤ.አ. ከ1938 እስከ 2003 ድረስ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርታ የመጨረሻዋ ሜክሲኮ፣ ፑዌብላ ላይ ወጣች። ዛሬ በየሰፈራችን የምናያቸው ከንጉሡና ከደርግ ዘመን የተረፉት ናቸው።

ምርመራው ላይ መጀመሪያ የሚታየው ቁጥር ነው። የሻንሲው ቁጥር ኋላ ወንበር ሥር፣ በመሐል በሚያልፈው ቱቦ መሰል አጥንት ላይ ተመትቷል፤ የሞተሩ ቁጥር ከዲናሞው መቀመጫ በታች ነው። ቮልስ ሞተር መቀየር ለመካኒክ የግማሽ ቀን ሥራ ነው፤ አራት ብሎን ተፈትቶ ሞተሩ ይወርዳል። ስለዚህ በሃምሳ ዓመት ውስጥ ሞተሯ ተቀይሮ ሊብሬው ሳይስተካከል የቀረባት ቮልስ ብዙ ናት። ምንም ሳይጎድላት በወረቀት ትወድቃለች።

ቀጥሎ ፍሬን። ጎማዎቹ የሚሽከረከሩ ብረቶች ላይ ይቆሙና ፔዳሉ ሲረገጥ ግራው ስንት ያዘ፣ ቀኙ ስንት ያዘ የሚለው ይለካል። የድሮ ቮልስ አራቱም ጎማ ላይ ያለው ታምቡር ነው፤ የፍሬኑ ሸራ ሲያልቅ ራሱን አያስተካክልም። መካኒኩ ጎማውን አንሥቶ በትንሿ ቀዳዳ ካቻቢቴ ይሰድና ጥርስ ያላትን ኮከብ መሰል ብረት ጠቅ ጠቅ ያደርጋል፤ ጎማው እስኪያዝ አጥብቆ ጥቂት ጥርስ ይመልሳል። ይህ ለእያንዳንዱ ጎማ ለብቻው ይደገማል። አንዱን ጠበቅ፣ ሌላውን ላላ ካደረገ መንገድ ላይ መኪናዋ ወደ አንድ ጎን ትስባለች፤ ማሽኑም ያጋልጣታል። የእጅ ፍሬኑም እንዲሁ ነው፤ ሁለት ገመድ፣ ሁለት ብሎን፣ ግራና ቀኝ። አንድ ጠዋት ልብ ብሎ የሠራባት ቮልስ በዚህ አትወድቅም።

ማሽኑ የሚለካው ግን የዚያችን ሰዓት ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. እስከ 1960ዎቹ አጋማሽ የተሠሩት ቮልሶች የፍሬን ዘይታቸው በአንድ መስመር ብቻ ይሄዳል። ሐሙስ በጥሩ ውጤት ያለፈች መኪና ቅዳሜ አንዲት የተሰነጠቀች የፍሬን ዘይት ቱቦ ብትፈነዳባት አራቱም ጎማ ፍሬን ያጣል። ሞተሩ አጠገብ ያለው የነዳጅ ቱቦም ያው ነው፤ ሲደርቅና ሲሰነጠቅ ቤንዚን ትኩስ ሞተር ላይ ይንጠባጠባል፤ ቮልስ የምትቃጠልበት የታወቀው ምክንያት ይህ ነው። ሁለቱም ቱቦዎች በጥቂት ብር ይቀየራሉ። እኔ ብሆን ለቀለም ከማወጣው በፊት ለእነሱ አወጣለሁ።

ጭሱ ላይ ጥፋቱ የከተማዋም ነው። ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል፤ ለቆላ የተቃኘ ካርቡራተር እዚህ ሲደርስ ለቀረው አየር የሚበዛ ቤንዚን ያፈሳል። መካኒኩ ቃኝቶ ካልቀነሰው ካንዴላው ይጠቁራል፣ ማርሚታው ይጨሳል፣ ድሮም ጥቂት የነበረው ጉልበት የእንጦጦን ዳገት በሁለተኛ ማርሽ ይለምናል።

እንግሊዞች እ.ኤ.አ. ከ2018 ወዲህ ዕድሜያቸው 40 ዓመት ያለፋቸውን፣ ብዙ ያልተለወጡ መኪኖች ከዓመታዊ ምርመራ ነፃ አድርገዋል፤ ባለቤቶቹ ይንከባከቧቸዋል፣ ብዙም አይነዷቸውም ብለው ነው። እዚህ ይህ አይሠራም። ቮልስ እኛ ዘንድ የእሁድ መኪና አይደለችም፤ ልጅ ትምህርት ቤት ታደርሳለች፣ ከገበያ ጤፍ ትጭናለች። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ከውጭ እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ ያለውን ጠብቆ መያዝ ግድ ሆኗል።

ላሜራው ላይ ወጣቱ ልክ ነው። እዚህ አስፋልት ላይ በረዶ ማቅለጫ ጨው ስለማይበተን የአዲስ አበባ ቮልስ ከአውሮፓዋ እህቷ ዘግይታ ትዝጋለች። ነገር ግን ከባትሪው የሚንጠባጠበው አሲድ ክረምት በጋ አይልም፤ ወለሉን ከላይ ይበላል። ምንጣፍ ስለሚሸፍነው ባለቤቱ የሚያየው ባትሪው ወደ ታች ዘንበል ሲል ነው።

መካኒኩ ካቻቢቴውን ትንሽ ገፋ አደረገው፤ ጫፉ በወለሉ በኩል ወጣ። ጋሼ ጎንበስ ብለው በቀዳዳው የታየውን የሳንሱሲ ሣር አዩና ባትሪው እንዲፈታ አዘዙ። ላሜራ በያጁ ከሰዓት እንደሚመጣ ተነገራቸው። ቦሎው ለሌላ ቀን ተላለፈ፤ ወንበሩም ሣሩ ላይ እንዳለ ቀረ፣ እሳቸውም እዚያው ተቀመጡበት።